ዳሞታ በየት በኩል ነው?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የኮምፒውተር ክፍሉን በር ስከፍት ናፍጣ ሸተተኝ። የጽዳት ሠራተኛዋ ቁንጫ አስቸገረ ብላ የጣውላውን ወለል በናፍጣ ወልውላው ኖሯል። አብረውኝ የሚማሩት ወጣቶች አፍንጫቸውን ይዘው መስኮት ለመክፈት ሲሯሯጡ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ለጥቂት ጊዜ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። ግራ መጋባት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ ይህን የትምህርት ቴክኖሎጂ የሚሉትን ነገር መማር ከጀመርኩ ወዲህ ቅዳሜና እሁድ በመጣ ቁጥር ግራ እንደተጋባሁ ነው። ይሄኛው ግን ሌላ ነበር። ናፍጣው ይዞኝ የሄደው ድሮ ወታደር ወደማሠለጥንበት አዳራሽ ነው። የዚያም ወለል ጣውላ ነበር፤ እሱም በየሳምንቱ በናፍጣ ይወለወል ነበር፤ ካኪያችንን አጥበን በከሰል ካውያ ብንተኩሰውም ሽታው አይለቀንም ነበር። ለእረፍት ሶዶ ስመጣ እናቴ ሳታየኝ በሽታዬ ታውቀኝ ነበር።

ለማያውቀኝ ልናገር። የወላይታ ሶዶ ልጅ ነኝ። ጉልበቴን የጨረስኩት ሰው በማሠልጠን ነው፤ መጀመሪያ ወታደር፣ ከሠራዊቱ ከወጣሁ በኋላ ደግሞ የየመሥሪያ ቤቱን ጥበቃ። በዚህ ዕድሜዬ እስክሪብቶና ላፕቶፕ ተሸክሜ ከልጆቼ ታናናሾች ጋር የምቀመጠው ለምን እንደሆነ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ባለቤቴ አበበች ግን አትጠይቅም፤ እሷ ወስናለች። «ሰው በዚህ ዕድሜ ሽማግሌ ተብሎ ያስታርቃል፣ አንተ ፈተና ትፈራለህ» ትለኛለች። እሁድ እሁድ የጸሎት ቤት መዝሙር ስለሚያመልጠኝ ጭምር ተቀይማለች። እውነቱን ለመናገር ነገሩ የጀመረው ጥበቃዎችን የማሠለጥንበት ድርጅት ትልቅ ቴሌቪዥን ገዝቶ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ጊዜ ነው። ሥራ አስኪያጁ በትህትና «ከእንግዲህ ትምህርቱን በቪዲዮ እናደርገዋለን» አለኝ። በቪዲዮው ውስጥ ማን እንደሚቆም አልነገረኝም። እኔም ሌላ ሰው ከሚቆም ራሴ ልቁም ብዬ ተመዘገብኩ። ቂም ይሁን ፍቅር እስካሁን ለይቼ አላውቀውም።

ያ ናፍጣ የሸተተበት ቅዳሜ የቪዲዮ ሥራችን የሚታይበት ቀን ነበር። እያንዳንዳችን አንድ አጭር ትምህርት ቀርጸን ማምጣት ነበረብን። እኔ የመረጥኩት የምችለውን ነው፤ በኮምፓስ አቅጣጫ ማወቅን። ስልኬን መጻሕፍት ላይ አስደግፌ ግቢዬ ውስጥ ቆምኩ፤ ከኋላዬ ዳሞታ ተራራ ጉም ለብሶ ይታያል። ጫማዬን ወልውዬ፣ ሸሚዜን አዝራር እስከ አንገቴ ቆልፌ፣ ድምፄን ከሆዴ አውጥቼ አስተማርኩ። ቤቴ ውስጥ ስመለከተው ኮርቼ ነበር። ክፍል ውስጥ በግድግዳው ላይ ተለቅ ብዬ ስታይ ግን ወጣቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። መምህርታችን ትዕግሥት ቪዲዮውን አቆመችው። ልጅ ናት፤ ነገር ግን ሲበዛ ጨዋ ናት፣ ሳትስቅ ነው የጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ‹ግልጽ ነው?› ብለው ከጠየቁ በኋላ ዝም ይላሉ። ለረጅም ጊዜ። ምን ሆነው ነው?»

«መልስ እየጠበቅሁ ነው» አልኳት።

«ከማን?»

ከስልኩ ነው ልበላት? እሷ ግን አላፌዘችብኝም። ዝምታዎቹን ሁሉ ቆርጬ እንድጥል፣ ከዚያም ቪዲዮውን አንድ የማያስተምረኝና የማላስተምረው ሰው ፊት ከፍቼ፣ ምንም ሳላስረዳ ሰውየውን ብቻ እንድመለከት ነገረችኝ። «የት ቦታ ላይ እንደሚጠፋው ፊቱ ላይ ያዩታል» አለች። ጊዜ የሰጠችኝ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ነበር። ካላለፍኩ ኮርሱን ከኋላ ከሚመጡት ጋር እደግማለሁ ማለት ነው፤ በእኔ ዕድሜ ደግሞ መድገም ማለት መተው ነው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥንም ሌላ ሰው ያገኛል። ይህን ለአበበች አልነገርኳትም።

ዝምታውን መቁረጥ ግን አቃተኝ። እንዴት እንደሚቆረጥ ወጣቶቹ አሳይተውኛል፤ ጣቴ ነው እምቢ ያለኝ። እኛ ዘንድ እኮ ያ ዝምታ አልነበረም። አሠልጣኙ «ግልጽ ነው?» ይላል፤ አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ግልጽ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ ቆርቆሮው ይነዝራል። ድምፁ ካነሰ እንደገና ይጠየቃል። ጣሪያው ላይ ያሉት እርግቦች እስኪበሩ ድረስ ማለት ነው፤ እርግብ ካልበረረ ትምህርቱ አልገባም ይባል ነበር። ደግ ዘመን ነበር አልልም፤ ክፉም ነበር ብዬ ላወራችሁ አልተነሳሁም። እኔን ትዝ የሚለኝ የክበቡ ሻይ ነው። በብርጭቆ፣ ስኳሩ ከታች ተጋግሮ፣ በአሥር ሳንቲም። ዛሬ አሥር ሳንቲሙ ራሱ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። የክበቡ ቴፕ ካሴት እየበላ የዘፋኟን ድምፅ ወንድ ያደርገው ነበር፣ እኛም በዚያው ለምደነው ስለነበር ከዓመታት በኋላ እውነተኛ ድምፅዋን በሬዲዮ ስሰማ ሌላ ሰው መሰለችኝ። እረፍት ስንወጣ ሁሉንም የሚያምረው አንድ ዓይነት ነገር ነበር፤ ከታች ሰፋ ያለ ሱሪና ተረከዙ ወፍራም ጫማ። ያን ለብሼ ከሶዶ መናኸሪያ ወርጄ እስከ ኦቶና መታጠፊያ ድረስ ያለ ምንም ጉዳይ ሄጄ የተመለስኩበት ቀን አለ። ባጃጅ የሚባል ነገር የለም፤ ሰው በእግሩ ስለሚሄድ ሁሉም ሁሉንም ያያል። አሁን በዚያው መታጠፊያ ሳልፍ ባጃጆቹ ጡሩምባ እየነፉ ያስበረግጉኛል፤ ማንም ግን አያየኝም።

ሠልጣኞቹ ከየአገሩ የመጡ ነበሩ። የእኔ አገር ልጆችም ነበሩባቸው፤ ወላይትኛ እንጂ አማርኛ ብዙም አያውቁም። ማርሹን ሲዘምሩ ቃሉን እንደሰሙት በአፋቸው ቅርጽ አድርገው ይዘምሩታል፤ ዜማው ልክ ነው፣ ትርጉሙን የሚያውቅ ግን የለም፣ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚጮኹት እነሱ ነበሩ። ሥልጠናው በአማርኛ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር ሰብስቤ በቋንቋችን እደግምላቸው ነበር። የኮምፓስ ትምህርት የደረሰ ዕለትም እንዲሁ አደረግኩ። ሰፈሩ ቆላ ነው፤ ግራርና አቧራ እንጂ ዓይን የሚያሳርፍ ተራራ የለም። ልጆቹ «ሰሜን» ሲባሉ ዓይናቸው ይቅበዘበዛል። እኔም «ቀይዋን መርፌ አያችኋት? እሷ ማለት ዳሞታ ናት። የትም ብትሄዱ ዳሞታን ታሳያችኋለች» አልኳቸው። ፊታቸው ሲበራ አየሁ። ቤታቸውን ያሳየኋቸው ያህል ደስ አላቸው። «ግልጽ ነው?» አልኩ። «ግልጽ ነው» አሉ። እዚያ ጥላ ሥር እርግቦቹ ባይኖሩም፣ አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሳይሰሙን አይቀሩም።

ከእነሱ መካከል ዳና የሚባል ከሻንቶ የመጣ ልጅ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከሌሎቹ በተለየ ትምህርት ቤት የገባ፣ ጥሩ የቡድን መሪ ይወጣዋል ብዬ ያሰብኩት። ለመሪነት ኮርስ የሚመረጡት በአንድ ፈተና ነበር። ከሰፈሩ በስተሰሜን ወንዝ ዳር ብቻዋን የቆመች ዋርካ አለች፤ እያንዳንዱ በየተራ ኮምፓስ ይዞ ብቻውን ይሄድና ከዋርካዋ ቅጠል ይዞ ይመለሳል። እኩለ ቀን ስለሆነ ፀሐይም አናት ላይ ናት፣ አትረዳም። ሌሎቹ የወላይታ ልጆች አንድ በአንድ ቅጠላቸውን ይዘው መጡ። ዳና አልመጣም። ከሰዓት በኋላ በመኪና ስንፈልገው በተቃራኒው በኩል፣ ወደ ደቡብ፣ ከሰል አክሳዮች ጎጆ በር ላይ ቁጭ ብሎ አገኘነው። ኮምፓሱን በሁለት እጁ ይዞታል። ቀጥ ብሎ፣ ሳይዛነፍ፣ የተሳሳተውን መንገድ ነበር የሄደው። አለቆቹ ሊከዳ ነው አሉ። በዚያ ጊዜ እንዲህ መባል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ ቢሮ ገብቼ ተከራከርኩ። «ልጁ ከዳተኛ አይደለም፤ ጭንቅላቱ ድንጋይ ሆኖበት ነው» አልኩ። አመኑኝ። ከምርጫው ወጥቶ ወጥ ቤት ተመደበ። እኔም በመልካም ሥራ ቆጠርኩት፤ ግን ለዓመታት ሳስበው አይገባኝም ነበር። «ግልጽ ነው» ብሎ ጮኾ የመለሰ ልጅ እንዴት ልክ በተቃራኒው ይሄዳል?

በሳምንቱ አጋማሽ የአበበች ዘመድ ሞቶ ለለቅሶ ሻንቶ ሄድኩ። ከለቅሶው ስወጣ እግሬ ስለደከመ ከመንገድ ዳር አንድ ሥጋ ቤት ገብቼ ሻይ አዘዝኩ። ገበያ ስላልነበረ ቤቱ ጭር ብሏል። ቪዲዮውን ከመቁረጤ በፊት አንድ ጊዜ ልየው ብዬ ስልኬን ስኒው ላይ አስደግፌ ከፈትኩት። ጆሮዬ ትንሽ ስለደከመ ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ። በስልኩ ውስጥ ያለሁት እኔ «ግልጽ ነው?» አልኩ። ከኋላዬ፣ ሥጋ ከሚቆረጥበት በኩል፣ አንድ የጎረነነ ድምፅ ቤቱን የሚያናጋ «ግልጽ ነው» መለሰ።

ዞር ስል ሽበታም ሰውዬ ቢላዋ በእጁ እንደያዘ ተገትሮ ቆሟል። ራሱም የደነገጠ ይመስላል። እሱ ነው መጀመሪያ ያወቀኝ፤ በፊቴ ሳይሆን በድምፄ። «ሳሮ፣ አሠልጣኝ» ብሎ በቋንቋችን ሰላም አለኝ። ዳና ነበር። እጁን በሽርጡ ጠርጎ ሁለት እጄን ያዘኝ፤ ከዚያ ትከሻ ለትከሻ ተገናኘን፤ ስለ ዝናቡና ስለ ጎዳሬው ተነጋገርን። ሥጋ ከነዳጣው አስቀረበልኝ፤ ዳጣው አፍ የሚያቃጥል ነበር፣ ዓይኔ ያለቀሰው በእሱ ይሁን በሌላ እርግጠኛ አይደለሁም። በኋላ የመምህርቷ ምክር ትዝ አለኝና ስልኩን ፊቱ አደረግኩለት። ምንም ሳላስረዳ ፊቱን ብቻ ማየት ነው አልኩ ለራሴ።

ዳና አገጩን በእጁ ደግፎ ያያል። ፈገግ ይላል። ሸሚዜን እስከ አንገቴ መቆለፌን ሲያይ ራሱን ይነቀንቃል። ቪዲዮው ውስጥ ያለሁት እኔ ጣቴን ወደ ኋላዬ ዘርግቼ «ቀይዋ መርፌ ዳሞታን ታሳያለች፤ ዳሞታ ያለበት ሰሜን ነው» ስል ፈገግታው ጠፋ። «መልሰው» አለኝ። መለስኩለት። «እንደገና» አለኝ። ሦስተኛ ጊዜ ካየ በኋላ ተነሳና «ይምጡ» ብሎ ክንዴን ይዞ ወደ በሩ አወጣኝ።

«አሠልጣኝ፣ ዳሞታ የት አለ?»

ቀና ብዬ አየሁ። ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ቁጭ ብሏል። ሻንቶ በሕይወቴ ስንት ጊዜ መጥቻለሁ፤ ተራራውንም ሳላየው የሄድኩበት ቀን የለም። ግን እንዲህ ተጠይቄ አላውቅም። የቀኑ ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቋ ስለነበር በእሷ ለካሁት። በደቡብ በኩል ነበር።

«እኔ ትምህርት ቤት ስገባ» አለ ዳና፣ «አስተማሪ ግቢ አወጣና ‹ዳሞታ ያለበት ደቡብ ነው› ብሎ ነው ያስተማረኝ። እርስዎ ደግሞ ቀይ መርፌ ማለት ዳሞታ ነው አሉ። እና ቀይ መርፌ ደቡብ ነው። ወደ ሰሜን ሂድ ሲሉኝ ለመርፌው ጀርባ ሰጥቼ ሄድኩ። ምን አጠፋሁ?»

ተቆጣሁ። ይሄ የቆየ ጠባዬ ነው። «ታዲያ ለምን አልጠየቅህም? አልገባኝም ማለት ትችል ነበር» አልኩት።

«ገብቶኝ ነበር እኮ።»

«ግልጽ ነው ብለህ ጮኸሃል።»

«እርስዎ ግልጽ ነው ወይ ብለው ጠየቁ፣ እኛ መለስን። ሌላ መልስ ነበረ እንዴ?»

በሩ ላይ ቆመን ሁለታችንም ተራራውን አየን። ባጃጆች በእኛና በዳሞታ መካከል ይመላለሳሉ። እኔ የሶዶ ልጅ ነኝ፤ ለእኔ ዳሞታ ከቤታችን በላይ፣ በስተሰሜን ነው፣ ሌላ ዳሞታ መኖሩን አስቤ አላውቅም። ከሶዶና ከኦቶና የመጡት ልጆች ቅጠላቸውን ይዘው የተመለሱት ጎበዝ አስተማሪ ስለሆንኩ ሳይሆን ጎረቤቶቼ ስለሆኑ ነው። ወይስ ጎበዝ ነበርኩ? ልጁን እኮ በደንብ አስተምሬዋለሁ፤ ያልኩትን ሳያጎድል ነው ያደረገው። እዚያ ላይ ደርሼ ጭንቅላቴ አልሄድ አለኝ።

ተመልሰን ከገባን በኋላ ነው ዳና ሌላውን የነገረኝ። ያን ቀን እኔ ቢሮ ውስጥ ስለ እሱ ስከራከር እሱ ከበሩ ውጭ ቆሞ ይሰማ ነበር። «ድንጋይ ያሉኝን ሰማሁ። ክፉ አልመሰለኝም፣ እውነት መሰለኝ» አለ። «ለምን እንደጠፋሁ ራሴም አላወቅሁም ነበር። ልጆቼ ከትምህርት ቤት አልገባኝም ብለው ሲመጡ፣ አባታችሁም ድንጋይ ነው፣ ከእኔ ወርሳችሁ ነው፣ ተዉት እል ነበር። ትልቁ ተወው። አሁን ሾፌር ነው። ለካ ልክ ነበርኩ፣ ልክ መሆኔን ዛሬ ነው የሰማሁ።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ፤ ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ደግሞ ቢላዋውን እየሳለ ቀጠለ። «እነዚያ ቅጠል ያመጡት መሪ ሆነው ሄዱ። ስንቱ ተመለሰ? እኔ ወጥ ቤት ገባሁ። ሙያውን እዚያ ተማርኩ፣ ይሄ ቤት በእሱ ነው የቆመው። እና አሠልጣኝ፣ ላመስግንዎት ነው ወይስ ልቀየምዎት?»

«እኔም አላውቅም» አልኩት። በዚያ ዘመን ለሠልጣኝ ያልተናገርኩትን ቃል ነው የተናገርኩት። ሂሳብ ስጠይቀው አልቀበልም አለኝ። ይህ ምስጋና ይሁን ቅያሜ፣ እሱንም አልለየሁትም። ስልክ ቁጥር ተለዋውጠን ወጣሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ስንነሳ ዳሞታ ከፊት ለፊታችን ነበር። እየሄድን ስንሄድ በቀኝ ጎኔ ሆነ። ሶዶ ወርጄ ፊቴን ወደ ገበያው ሳዞር ከኋላዬ ቆሟል። ያው አንድ ተራራ ነው፤ እኔ ነኝ የተንቀሳቀስኩት። ይህን በስንት ዓመቴ እንዳስተዋልኩት ሳስብ አፍሬ ለአበበች እንኳ ወዲያው አልነገርኳትም፤ ራት ላይ ግን አላስቻለኝም። ሰምታ ስትጨርስ ትንሽ አሰበችና «እና ያ ልጅ ይቅር አለህ?» አለችኝ። ጥፋቴ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ይቅርታ እንዴት ይባላል አልኳት። «አንተ ደግሞ ሁሉንም ታስቸግራለህ» አለችኝና ሳህኑን አነሳች።

ቪዲዮውን ደምስሼ እንደ አዲስ ቀረጽኩት። እዚያው ግቢ፣ እዚያው ተራራ። የሸሚዜን የላይኛውን አዝራር ፈታሁት። ኮምፓሱን አሳየሁና «መርፌዋን ከማንበባችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አልኩ። «ከቤታችሁ በር ላይ ስትቆሙ ዳሞታ በየት በኩል ነው?» ከዚያ ዝም አልኩ። ግልጽ ነው የሚለውን ግን ከአፌ ማስቀረት እንዴት እንደከበደኝ ሰው አያምነኝም፤ ዓረፍተ ነገር በጨረስኩ ቁጥር እየመጣ ጥርሴ ላይ ይቆማል።

ቅዳሜ ትዕግሥት አየችው። ዝምታው ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ አሁንም አለ።»

«ይኑር» አልኳት።

«ከማን ነው አሁን የሚጠብቁት?»

«አሁን የማውቀው ሰው አለ» አልኳት። ዝምታው እስኪያልቅ ድረስ በግድግዳው ላይ ያለውን ፊቴን አየችው፤ ወጣቶቹም አልሳቁም፣ ወይም ስቀው እኔ አልሰማሁም። ረዘም ይላል፣ ግን አልፏል አለችኝ። መደሰት ነበረብኝ። ተደስቻለሁም፤ ግን ልቤ ስልኬ ላይ ነበር። ጠዋት ከቤት ሳልወጣ ቪዲዮውን ለዳና ልኬለት መልስ እየጠበቅሁ ነበር።

መልሱ የመጣው ከክፍል ስወጣ ነው፤ በድምፅ። ኮሪደሩ ውስጥ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። መጀመሪያ ቢላዋ ጣውላ ላይ ሲያርፍ ይሰማል። ከዚያ ቢላዋው ቆመ፤ ዝም አለ፣ እኔ ቪዲዮው ላይ ዝም ያልኩትን ያህል። «በደቡብ በኩል ነው፣ አሠልጣኝ» አለ። ያለቀ መስሎኝ ስልኩን ላወርደው ስል እንደገና ድምፁ መጣ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ዳሞታ ላይ የወጣ ሰው ሰሜንን በምን ያውቃል?»

በዚያ ሁሉ ዘመን ስለ ትምህርቱ ከሠልጣኝ የተጠየቅሁት የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር። ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ተመልሼ፣ ናፍጣው ገና በሚሸተው ወለል ላይ ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩና መልሱን ማሰብ ጀመርኩ።